ለአንደኛዋ የወጣው ጋቢ

ይህ ታሪክ ሊጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ ቀን አመነታሁ። ስለ ስፖርተኞች ሲወራ የሰማሁት ሁሉ ስለ ትልልቅ ሰዎች ነው፤ በአውሮፕላን ስለሄዱ፣ ባንዲራ ለብሰው ስላለቀሱ። የእኔ የስፖርት ዘመን ሦስት ዓመት በቅጡ አልሞላም፤ ለውድድር የሄድሁበት ሩቁ ከተማም ወልድያ ነው። ደግሞ አንድ የሚያሳፍር ነገር አለበት። ሻምፒዮን ነበርሁ፣ ግን በሕይወቴ በአንድም ውድድር አንደኛ ወጥቼ አላውቅም። ይህን ለዶርም ጓደኞቼ ስነግራቸው እንዴት እንደሚሆን ግራ ገብቷቸው ሳቁ። እንግዲያው ሌላው ቢቀር ያስቃል ብዬ ብዕሬን አነሳሁ።

የተወለድሁት ከላሊበላ ወደ ብልባላ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ፣ እንደ አካባቢያችን ልጆች ሁሉ፣ ላሊበላ ከተማ፣ ከወፍጮ ቤት ኋላ፣ ክፍል ተከራይቼ መማር ጀመርሁ። ቅዳሜ የሳምንት ስንቄን ላመጣ አገር ቤት እወጣለሁ፤ እሑድ ዳቦውን፣ ቆሎውንና በሶውን ተሸክሜ አራት ሰዓት በእግሬ ተጉዤ እመለሳለሁ። አሁን ሳስበው ከማንም በፊት ያሠለጠነኝ ይህ መንገድ ነው።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ለወረዳ ውድድር ልጆች ሊመርጥ ነው ተባለ። እኔ ሰው ሲጠይቀኝ እምቢ ማለት አልችልም። ሯጭ ጎደለ ሲሉ ሮጥሁ፤ ዘላይ ጎደለ ሲሉ ዘለልሁ፤ አሎሎ የሚወረውር ሲጠፋም ወረወርሁ። በሩጫው ሦስተኛ፣ በዝላዩ ሁለተኛ፣ በውርወራው አራተኛ ሆንሁ። በአንዱም አልተመረጥሁም። ደብተሬን ይዤ ልሄድ ስል የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ጠሩኝ። ከደሴ አካባቢ የመጡ፣ ፊሽካቸው ከአንገታቸው የማይወርድ ወጣት ሴት ነበሩ።

«አንች ልጅ፣ በምንም አንደኛ አልወጣሽም» አሉኝ።

«አዎ ቲቸር። ይቅርታ።»

«በምንም መጨረሻም አልወጣሽም።»

«አልወጣሁም። ይቅርታ።»

«ምኑን ነው ይቅርታ የምትይው? እንዳንች ያለች ልጅ ስፈልግ ነው የከረምሁት።»

ከዚያ በፊት ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን ውድድር ያን ቀን ነገሩኝ። ሄፕታትሎን ይባላል። አንዲት ሴት በሁለት ቀን ውስጥ ሰባት ነገር ትወዳደራለች። በመጀመሪያው ቀን መሰናክል ዘላ ትሮጣለች፣ ከፍታ ትዘላለች፣ አሎሎ ትወረውራለች፣ ሁለት መቶ ሜትር ትሮጣለች። በማግስቱ ርዝመት ትዘላለች፣ ጦር ትወረውራለች፣ በመጨረሻ ስምንት መቶ ሜትር ትሮጣለች። ለእያንዳንዱ እንደ ውጤቷ ነጥብ ይሰጣታል፤ የሰባቱ ነጥብ ተደምሮ የበለጠችው ታሸንፋለች። «በአንዱ ጎበዝ የሆነች ልጅ እዚህ ሞልታለች» አሉ መምህራችን። «ሰባቱንም ደህና አድርጋ የምትሠራ ግን የለችም።» እሺ አልሁ። እሺ ማለት ለምጄ ነበርና ብዙም አላሰብሁበት።

ልምምዳችን ለሚያየው ሰው ጨዋታ ይመስል ነበር። መሰናክሉን ከባሕር ዛፍ አጣና ሠራን። አሎሎ አንድ ብቻ ስለነበረን መምህራችን ከወንዝ ድቡልቡል ድንጋይ አስመጡና ገበያ ወስደው በእህል ነጋዴ ሚዛን ከአሎሎው ጋር አስተያዩት። ነጋዴው በአንዱ ወገን አሎሎ፣ በሌላው ወገን ድንጋይ ሲያይ «የኔ እመቤት፣ የትኛው ነው የሚሸጠው?» አላቸው። የከፍታ ዝላይ መውደቂያችን ጭድ የተሞላ የማዳበሪያ ከረጢት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ስንገባ የገበያተኛ አህዮች ቀድመውን ከረጢቱን ቀደው ጭዱን ሲበሉ እናገኛቸዋለን። «ዛሬ ከፍታ የለም፤ አህዮቹ ቁርስ አድርገውታል» ይሉና መምህራችን ወደ ጦሩ ይወስዱኛል። በጦር ውርወራ ፈጥኜ የተሻልሁት ሳያስቡት በአህዮቹ ምክንያት ይመስለኛል። ክንዴም ቢሆን ለነገሩ እንግዳ አልነበረም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ገብሳችንን ከጭላዳ ዝንጀሮ ስጠብቅ ስንት ድንጋይ ወርውሬያለሁ።

በዚያ ዓመት በወረዳው ውድድር አሸነፍሁ። ሦስት ልጆች ብቻ ነበርን። በአንዱም አንደኛ ሳልሆን፣ በነጥብ ድምር በለጥሁ። የምስክር ወረቀቴን እንዳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መሀል አድርጌ አገር ቤት ወጣሁ።

እቤት ስደርስ አባቴ ከጎረቤታችን ካህን ጋር ደጅ ተቀምጦ ነበር። እኒህ ካህን የቤተሰባችን የንስሐ አባት ናቸው። ቀልድ ይወዳሉ፤ ሲቀልዱ ግን ፊታቸው ፈጽሞ አይስቅም።

«ስንተኛ ወጣሽ?» አሉኝ።

«አሸነፍሁ፣ አባ።»

«በምኑ? በሩጫው?»

«በሩጫው ሁለተኛ ነኝ።»

«በዝላዩ አንደኛ ነሻ።»

«በዝላዩም ሁለተኛ።»

«በውርወራው?»

«ሦስተኛ።»

ካህኑ ወደ አባቴ ዞሩ። «ይህች ልጅህ ሰባት ጊዜ ተሸንፋ አሸነፍሁ ትላለች። እኛም እንዲህ ብንጸድቅ ምን ነበረበት።»

አባቴ ሳቀ፤ ግን ሳቁ ሙሉ አልነበረም። ስለ ነጥቡ ላስረዳው ሞከርሁ፤ ደብተር አውጥቼ ሰንጠረዡን ሣልሁለት። አየውና «እኔ የማውቀው ፈረስ ጉግስም ሆነ ሩጫ የቀደመ መቅደሙን፣ የተቀደመ መቀደሙን ነው» አለ። አልተቆጣም። እኔን ግን ያ ነገር ከቁጣ ይልቅ ቆረቆረኝ። ያለኝ ዕውቀትም ጉልበትም ያን ሰው ለማስደሰት የሚውል ነበርና።

አሥራ አንደኛ ክፍል ወልድያ ሄድን። እዚያ ነው ከኮን ከተማ የመጣችውን፣ የኮኗን ልጅ ያገኘኋት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትሮጥ እግሯ መሬት የሚነካ የማይመስል፣ ወሬዋ የማያልቅ ልጅ ነበረች። በሦስቱ ሩጫዎችና በርዝመት ዝላይ አንደኛ ወጣች፤ በድምሩም በለጠችኝ። ጦር ስትወረውር ግን ጦሩ ከፊት ይልቅ ወደ ጎን ሄዶ ዳኞቹን አስሮጣቸው። ማታ በአንድ ክፍል አደርን።

«ጦሩን ማን አስተማረሽ?» አለችኝ።

«አህያና ጭላዳ።»

በጣም ስለሳቀች ከጎናችን የተኙት ልጆች ዝም በሉ ብለው ጮኹብን። ከዚያ ቀን ወዲህ ባላጋራዬም ጓደኛዬም ሆነች።

አገር ቤት ስመለስ ካህኑ በሩ ላይ ነበሩ። «ስንተኛ ወጣሽ?» አሉኝ። ሁለተኛ ስላቸው «ይሄስ ይገባኛል» አሉ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ የዞኑ ውድድር በእኛ ከተማ፣ በእኛ ሜዳ ይሆናል ተባለ። የመጨረሻዬ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፈተና ነው። አባቴ ወሬውን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ «መጥቼ አይሻለሁ» አለ። የሚመጣው በሁለተኛው ቀን ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን በሬ የሚጠምድለት ሰው አልነበረም። እናቴ ክረምቱን ሙሉ የፈተለችውን ጥጥ ሸማኔ ሠርቶት፣ አረንጓዴ ጥለት ያለው አዲስ ጋቢ ሆኖ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። አባቴ እሱን አወጣና፣ ካህኑና ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት እንዲህ አለ፦

«ይህ ጋቢ አንደኛ ለወጣችው ነው። በሰው ፊት አለብሳታለሁ።»

«ለአንደኛዋ?» አሉ ካህኑ።

«ለአንደኛዋ።»

«እኛ ሰምተናል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።»

እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ድምሩን ማሸነፍ ለመምህራችን ነበር። ለአባቴ ግን አንድ ነገር ብቻ እፈልግ ነበር፤ ዓይኑ እያየ፣ አንድ ጊዜ፣ በአንዱ ብቻ፣ ከሁሉ ፊት መሆን።

የመጀመሪያው ቀን ደህና ሄደ። መሰናክሉን ሦስተኛ ሆኜ ጨረስሁ፤ በከፍታና በአሎሎ ሁለተኛ ሆንሁ፤ በሁለት መቶ ደግሞ ሦስተኛ። የኮኗ ልጅ ሁለቱንም ሩጫ ወሰደች፤ አሎሎው ግን እግሯ ሥር ነው የወደቀው ማለት ይቻላል። ማታ በነጥብ ትንሽ ትመራኝ ነበር።

በማግስቱ አባቴ ከካህኑ ጋር በጠዋት ደረሰ። ከሩጫው መስመር ዳር፣ መጨረሻው ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አንዲት የወይራ ዛፍ አለች። እሷ ሥር ተቀመጡ። ጋቢው በፌስታል ተጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ ነበር።

በርዝመት ዝላይ በመጀመሪያው ሙከራ ከሁሉም ራቅሁ። ዞር ስል አባቴ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ፌስታሉን ሲፈታ አየሁት። ካህኑ ጎትተው አስቀመጡት፤ ገና ሁለት ዙር አለ። በሦስተኛው ዙር የኮኗ ልጅ በአንድ ስንዝር አለፈችኝ፤ ሌላም ልጅ አለፈችኝ። በጦሩም እንደዚያው ሆነ። ጦሬ በሩቁ ተተከለ፤ አባቴ ተነሣ፤ አንዲት ከመርሳ የመጣች ልጅ ደግሞ ከእኔ አሳልፋ ተከለች፤ አባቴ ተቀመጠ። ዳር ቆመው የሚያዩት የክፍሌ ልጆች እኔን ማየት ትተው የአባቴን መነሣትና መቀመጥ ያዩ ጀመር።

ከስምንት መቶው በፊት መምህራችን ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። በጦሩ የኮኗን ልጅ ብዙ በልጫት ስለነበር ድምሩ ተገልብጧል።

«አሁን አንች ነሽ የምትመሪው። እሷ ትቀድምሻለች፤ መቅደሟን ተያት። እሷ መጨረሻውን መስመር ስትረግጥ አንች ያችን ወይራ ካለፍሽ፣ ያንች ነው። ገባሽ?»

«ገባኝ ቲቸር።»

«እንዳታሳድጃት። ካሳደድሻት መንገድ ላይ ትቀሪያለሽ።»

ገብቶኛል አልሁ እንጂ ልቤ ሌላ ነገር እያሰበ ነበር። የቀረው ይህ ብቻ ነው። አባቴ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ሊያየኝ መጥቷል፤ ጋቢው ጉልበቱ ላይ ነው። ፊሽካው ሲነፋ ከኮኗ ልጅ ጋር እኩል ተፈተለክሁ። ሜዳችን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስለሆነ ግማሹ ዙር ቁልቁለት፣ ግማሹ አቀበት ነው። በቁልቁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሄድን። ወይራዋ ሥር ስናልፍ የአባቴን ድምፅ ሰማሁት፤ «በርቺ!» ይላል። አንድ ዙር ስንጨርስ ከፊታችን ማንም አልነበረም።

ሁለተኛው ዙር ላይ አቀበቱን ስጀምር ጉልበቴ የእኔ መሆኑ ቀረ። ትንፋሼ አጠረ። የኮኗ ልጅ ግን ገና አሁን የጀመረች ትመስላለች። መምህራችን በሜዳው መሀል እየሮጡ «በራስሽ ሩጫ! በራስሽ!» ይላሉ። ያን ጊዜ የሰባቱ ሁሉ ድካም በአንዱ ምኞቴ ሊጠፋ መሆኑ ታወቀኝ። የባሕር ዛፍ መሰናክሉ፣ ሚዛን ላይ የወጣው ድንጋይ፣ በአህያ የተበላው ጭድ። ርምጃዬን ቀነስሁና ለቀቅኋት። ጀርባዋ እየራቀ ሲሄድ እያየሁ፣ አባቴም እያየ፣ ለቀቅኋት። እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ከዚያ በፊት ሠርቼ አላውቅም ነበር። ሌላም ልጅ አለፈችኝ። ዓይኔን ወይራዋ ላይ ተክዬ ሮጥሁ።

ሦስተኛ ሆኜ ገባሁና መሬት ላይ ተዘረጋሁ። ቀና ስል አባቴ ፌስታሉን ፈትቶ፣ ጋቢውን በሁለት እጁ ዘርግቶ፣ በሜዳው መሀል ወደ እኔ ይመጣል። ሦስተኛም ብሆን ሊያለብሰኝ ነው ብዬ እንደምንም ተነሥቼ ቆምሁ። ራሴንም ዝቅ አደረግሁለት።

አልፎኝ ሄደ።

ሄዶ ጋቢውን የኮኗን ልጅ አለበሳት። በሁለቱም ትከሻዋ በደንብ አድርጎ ጣለላት፤ ግንባሯንም ሳማት። ዳር የነበሩት ሴቶች እልል አሉ። ልጅቱ ማን እንደሆነ እንኳ አታውቅም፤ «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» እያለች ጉልበቱን ለመሳም ጎንበስ አለች። ካህኑ ከወይራዋ ሥር ሆነው ራሳቸውን እየነቀነቁ «ቃሉን ጠበቀ» አሉ።

እኔ መጀመሪያ ማልቀስ ጀመርሁ። ከዚያ አባቴን አየሁት፤ ፊቱ እንዲህ ያለ ኩራት ነበረበት፤ በሰው ፊት ያለውን በሰው ፊት የፈጸመ ሰው ኩራት። ልቅሶዬ ወደ ሳቅ ሄደ። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ስቅ ስቅ ሲያሰኙኝ መምህራችን ወረቀታቸውን እያውለበለቡ ደረሱ።

«አልፈሻታል! ወይራዋን አልፈሻታል!»

ዳኛው በድምፅ ማጉያ የድምሩን ውጤት ተናገረ። አንደኛ እኔ ነበርሁ።

የኮኗ ልጅ ነገሩን ስትሰማ ጋቢውን ከትከሻዋ ልታወርድ ሞከረች። «አባባ፣ ይሄ የልጅዎ ነው፤ የሰባቱ አሸናፊ እሷ ናት።»

አባቴ እጇን ያዘ። «የኔ ልጅ፣ ለአንደኛዋ ብዬ ነው ያወጣሁት። አንች በዓይኔ ፊት አንደኛ ገባሽ። ለአሸናፊ የወጣ ጋቢ ተመልሶ ሳጥን አይገባም። ለላሊበላ በዓል ስትመጪ ግን ቤታችን ታድሪያለሽ።»

ካህኑ ተጠጉን። «እንግዲህ ይህችም አንደኛ፣ ያችም አንደኛ። አንተ ሰው፣ አሁንስ ገባህ?»

አባቴ ዞር አለ። እኔን አየኝ። ቀጥሎ የተናገረውን መቼም አልረሳውም፤ ያን ሁሉ ጊዜ በሰንጠረዥ ላስረዳው ያልቻልሁትን በአንድ ትንፋሽ ተናገረው።

«አባ፣ እኔ በማሳዬ ገብስና ስንዴ ቀላቅዬ አይደል የምዘራው?»

«ትዘራለህ።»

«በስንዴ እርስዎን በልጬ አውቃለሁ?»

«ኧረ አታውቅም።»

«በገብስስ የታችኛውን ጎረቤቴን?»

«እሱንም አትበልጥ።»

«ዝናብ ቢያጥርም፣ ውርጭ ቢመታም ጎተራዬ ባዶ ሆኖ አይተው ያውቃሉ?»

ካህኑ ጥቂት አሰቡ። «አላየሁም» አሉ።

«እንግዲያው የሷም እንደዚያ ነው» አለ አባቴ። ከዚያ ባዶውን ፌስታል እያጣጠፈ፣ «ጋቢውን ግን ምን ብዬ ነው ለናትሽ የምነግራት?» አለኝ።

ነገራት። እናቴ ሦስት ጊዜ አስደግማ ሰማችው። «ክረምቱን ሙሉ የፈተልሁት ኮን ሄደ?» አለች። «ልጄ አሸንፋ፣ ጋቢው ኮን ሄደ?» ሁለት ቀን አኮረፈችው። በሦስተኛው ቀን ምንጭ ላይ ለጎረቤቶቿ ስትተርክ በሳቅ እንስራዋን ልትጥል እንደነበር ሰማሁ።

እንግዲህ ወደ ክልሉ ውድድር መሄድ ነበረብኝ። እውነተኛ የመሮጫ መም ያለው ስታዲየም እንደማይ መምህራችን ነግረውኝ፣ የምለብሰውን ሳጥብና ስተኩስ ሰነበትሁ። የመኪናው መንገድ ግን ተዘጋና ያን ሰሞን አልተከፈተም። ውድድሩ ተራዘመ፤ እንደገና ተራዘመ፤ በኋላ ማንም ሳያነሣው ቀረ። ጥቂት ቀን ከፋኝ። ከዚያ ፈተናው ቀረበና መጻሕፍቴን ገለጥሁ። ጦሩን ለአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሰጠኋት።

በላሊበላ በዓል ዕለት እናትና አባቴ ከካህኑ ጋር ለማስቀደስ ወርደው ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በኪራይ ክፍሌ ተሰብስበን፣ ሁሉም በአንዷ አልጋዬ ላይ ተደርድረው ሳለ በሩ ተንኳኳ። የኮኗ ልጅ ናት፤ ከእናቷ ጋር። ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው፣ እንደነገርኋት ወፍጮ ቤቱን ጠይቀው፣ ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ያለችውን ክፍሌን አገኟት። አረንጓዴ ጥለት ያለውን ጋቢ ለብሳዋለች። እናቴ ከሰላምታው በፊት ጋቢውን አየች፤ ጠርዙን በጣቶቿ ያዝ አድርጋ «ደህና ይዘሽዋል» አለች።

«እማማ፣ ይህን ጋቢ ለብሼ እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለች የኮኗ ልጅ። «እናቴ ማታ ማታ ‹የሰው ልጅ ጋቢ ደርበሽ እንዴት ትተኛለሽ› እያለች አላስተኛ አለችኝ።»

እናቷ ከጀርባዋ ያዘለችውን ጥቅል ፈታች። አዲስ ጋቢ ነበር፤ ጥለቱ ቀይ። «እኔም ፈታይ ነኝ» አለች ለእናቴ፣ አፈር ብላ። «ልክሽን ባላውቅ በልጄ ልክ ነው ያሠራሁት» አለችኝ ለእኔ። የኮኗ ልጅ ከእኔ በአንድ ክንድ ትረዝማለች።

ጋቢውን አባቴ ተቀበለ። ከአልጋው ተነሣ፤ ቦታ ስላልነበረ ካህኑም አብረው መነሣት ነበረባቸው። በትከሻዬ ላይ ጣለልኝ፤ ጫፉ መሬት ይጠርጋል። ካህኑ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ሳያፈቱ ጠየቁኝ።

«ስንተኛ ወጣሽ?»

አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ።

«አንደኛ» አለ።

ካህኑ ተመልሰው አልጋው ላይ ቦታቸውን ያዙ። የኮኗ ልጅ እናት ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠች፤ ስለ ጥጥ ማውራት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ አልተወዳደርሁም። የስፖርት ዘመኔ ያበቃው በዚያ ዕለት፣ በዚያች ክፍል ነው፤ ሰኔ ፲፪ ቀን።